ስሙ ያው፣ ባሩዱ ሌላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ የአያቶቻችን ጠመንጃ ከውስጥ ለምን እንደሚዝግ ጽፌ ነበር። የድሮው ካፕሱል፣ በቀለሁ ግርጌ ሆና ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሽ ቆብ፣ ሲፈነዳ ጨው ትቶ ያልፋል፣ ጨዉ እርጥበት ይስባል፤ ስለዚህ ከተኩስ በኋላ ዘይት ከመቀባት በፊት የፈላ ውሃ በአፈሙዙ ማፍሰስ ይቀድማል። ነገሩ ይኸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ግን ዝገቱን ትተው ባሩዱን ይጠይቃሉ። ሦስቱን መርጫለሁ።

አዳዲስ አንባቢዎች ማን እንደሚመልስላቸው እንዲያውቁ ያህል፦ ከ1968 እስከ 1983 ዓ.ም. በመድፈኛ ክፍል የጥይት ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና እጠግናለሁ። በእጄ ጥይት ሞልቼ አላውቅም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ግን ሥራዬ የባሩድ ቁጥር መመዝገብ፣ የባሩድ ሙቀት መለካት፣ የተበላሸውን ከደህናው መለየት ነበር።

ጥያቄ 1፦ ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን

«ሃምሳ አለቃ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ሰሞኑን ቤት ስናድስ ከማድ ቤቱ ጎን ካለው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት አንድ የእንጨት ሣጥን ወጣ። ውስጡ የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው የድሮ ጥይቶች፣ ከእነሱ ቀጠን ያሉ ሌሎች፣ ደግሞም ሁለት ኪሎ የሚሆን ፍሬ ፍሬ ባሩድ የያዘ ጣሳ አለ። ጣሳውን ብከፍተው ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታ ወጣ፤ ክዳኑ ከውስጥ ዝጓል፤ ባሩዱ ላይ ቀላ ያለ አቧራ አለበት። ልጄ ‹ባሩድ አያረጅም፣ ተይው› ይለኛል። እኔ ግን ፈራሁ። ልጣለው? ላቃጥለው? ወንዝ ልጨምረው?»

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱ መጽሔቱ እስኪታተም መጠበቅ ስለማይገባው የዝግጅት ክፍሉ አስቀድሞ በስልክ አድርሶልዎታል። እዚህ የምደግመው ተመሳሳይ ሣጥን ያለበት ሌላ ቤት ስለማይጠፋ ነው።

ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ጣሳውን ዳግም አይክፈቱት፣ አያንቀሳቅሱት። ከሣጥኑ ይልቅ እሳቱን ያርቁ፤ ፖሊስ መጥቶ እስኪያነሳው ድረስ በዚያ ማድ ቤት ከሰልም ምጣድም አይጣድ፣ ምግቡ ሌላ ቦታ ይሠራ። የዕቃ ቤቱን በር ለአየር ገርበብ አድርገው ልጆችን ያርቁ። ደቻቱ ወንዝ መጨመሩን ከልብዎ ያውጡት፤ ደቻቱ ጎርፍ ካልመጣ በቀር ደረቅ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ነው። ማቃጠሉም ለእርስዎ የሚተው ሥራ አይደለም። ቀበሌዎን ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝን ይከለክላል፤ ሣጥኑ እንደተገኘ ቶሎ ማመልከቱ ለእርስዎም ይበጃል።

ልጅዎ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። አያረጅም የሚባል ባሩድ አለ፤ እሱ ጥቁሩ ባሩድ ነው። ከመቶ እጅ 75 ፖታሲየም ናይትሬት የሚባል ጨው፣ 15 ከሰል፣ 10 ድኝ ነው። ሦስቱ በአንድ ጣሳ ውስጥ መቶ ዓመት ቢተኙ ብልጭታ ካላገኛቸው አይነካኩም። ጠላታቸው እርጥበት ብቻ ነው። እነዚያ የአውራ ጣት ውፍረት ያላቸው ጥይቶች እንደ ገለጻዎ የውጅግራ ይመስሉኛል። ውጅግራ የምንለው እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳዮች የሠሩትን የግራ ጠመንጃ ነው፤ «ፉዚ ግራ» የሚለው በአፋችን ውጅግራ ሆነ። አፈሙዙ 11 ሚሊሜትር፣ እርሳሱ 25 ግራም፣ ባሩዱ አምስት ግራም ከሩብ ያህል ነው፤ ጥቁር ባሩድ። በሐረር ከተማ ሲነግድ የኖረው ገጣሚው ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ በጫነበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1886 እና በ1887፣ ከታጁራ በግመል ጀርባ ይወጣ የነበረው ባሩድ ጥቁሩ ነው።

ጣሳው ውስጥ ያለው ግን ሌላ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ ጢስ አልባውን ባሩድ ሠራ። ጥጥ ወይም የእንጨት ጭረት በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ይታከምና ናይትሮሴሉሎስ ይሆናል፤ እሱ በኤተርና በአልኮል ተቦክቶ፣ ተጠፍጥፎ ወይም በቀዳዳ ተጨምቆ፣ ተቆርጦ ፍሬ ይሆናል። ይህ ባሩድ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ በዝግታ ይፈርሳል። ሲፈርስ ቡናማ የናይትሮጂን ኦክሳይድ ጋዝ ይተፋል። ጋዙ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ደግሞ የቀረውን ባሩድ ያፈርሳል። ዓይንዎን ያቃጠለው፣ ክዳኑን ያዛገው፣ ቀይ አቧራውን ያመጣው እሱ ነው። ደህና ባሩድ ሲሸቱት የኤተር ዓይነት ቀለል ያለ ሽታ አለው፤ አያስለቅስም።

ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ዳይፌኒላሚን የሚባል ነገር ጥቂት ይጨምሩበታል፤ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ። የሚወጣውን ጋዝ እየያዘ አሲዱ እንዳይነሳ ይከለክላል። ዳይፌኒላሚኑ ግን እየሠራ ያልቃል። አልቆ ባሩዱ ያለ ጠባቂ ሲቀር ነገሩ ይፈጥናል፤ ክምችቱ ብዙ ከሆነ ራሱን በራሱ አሙቆ እስከ መቀጣጠል ይደርሳል። ፈረንሳዮች ይህን የተማሩት በደም ነው። ቱሎን ወደብ ላይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1907 ኢዬና የተባለችው የጦር መርከብ፣ በመስከረም 1911 ደግሞ ሊበርቴ የተባለችው፣ ጠላት ሳይተኩስባቸው በገዛ ባሩዳቸው ፈነዱ። በመጀመሪያዋ ከመቶ በላይ፣ በሁለተኛዋ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ።

ለሳቢያን ሰው አስረግጬ መናገር የምፈልገው ይህን ነው፦ የባሩድ ዕድሜ በዓመት ብቻ አይቆጠርም፣ ያሳለፈው ሙቀትም ይቆጠራል። በየ10 ዲግሪው የመፍረሱ ፍጥነት ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። አንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጣሳዎች ይኑሩን እንበል። አንዱ ሐረር ጀጎል ውስጥ ግድግዳው ክንድ ተኩል በሆነ የድንጋይ ቤት ምድር ላይ ተቀመጠ። ሌላው ድሬዳዋ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት፣ ከምጣድ ጎን ተቀመጠ። ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ደህና ሆኖ ሁለተኛው ሞቶ ቢገኝ አይገርመኝም። ባለቤትዎ ያኖሩት በክፋት አልነበረም። ዕቃ ቤቱ ደረቅ ስለሆነ ይሻላል ብለው ይሆናል፤ ለጥቁሩ ባሩድ ቢሆን ልክ ነበሩ።

ጥያቄ 2፦ ከሐረር፣ ሸንኮር

«ጋሼ፣ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ይኖራል። በየዓመቱ ኅዳር አጋዘን ያድናል፤ የሚተኩሰውን ጥይት የሚሞላው ራሱ ነው፣ እዚያ በሕግ የተፈቀደ ነው። ባለፈው ክረምት መጥቶ ሲያጫውተኝ፣ የቀድሞው ባሩድ ቢያልቅበት ያንኑ ስም፣ ያንኑ ፋብሪካ ገዛ። በዚያችው ሚዛን በዚያው ልክ ሞላ። ሲተኩስ ግን ጠመንጃው ከወትሮው ይልቅ ረገጠው፤ መዝጊያው አልከፈት አለ፤ የካፕሱሏ ፊት ተደፍጥጦ ተገኘ። ሚዛኑን ተጠራጥሮ ሌላ ገዛ፤ ያው ሆነ። አንድ ስም ያለው ነገር እንዴት ሁለት ይሆናል?»

መልስ፦ ልጄ፣ ወንድምህ ሚዛኑን ሳይሆን ጣሳው ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ማየት ነበረበት። ሎት ቁጥር ትባላለች፤ ባሩዱ በየትኛው ዙር ተሠርቶ እንደወጣ የምትናገር ናት። በእኛ ግምጃ ቤት የባሩዱ ስም ሳይሆን ሎቱ ነበር የሚጠየቀው።

በቡና ላስረዳህ። አባቴ እዚህ ድሬዳዋ ለገሃሬ አጠገብ የቡና መጋዘን ሚዛን ያዥ ነበር። ቡናው ከበደኖ፣ ከገለምሶ፣ ከጨርጨር፣ ከጋራ ሙለታ ይመጣል። ሁሉም የሐረር ቡና ነው፤ ጆንያው ላይ የሚጻፈው አንድ ስም ነው። አባቴ ግን እጁን ጆንያ ውስጥ አግብቶ ሲዘግን የዘንድሮው ከአምናው፣ የበደኖው ከገለምሶው ይለይበት ነበር፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ረጠብ ያለ፣ አንዱ ፍሬው ደቃቃ። ነጋዴው ውጭ አገር የላከው ናሙና አለ። ስለዚህ ለቃሚዎቹ ሴቶች ከለቀሙት በኋላ ከዚህ ሦስት ጆንያ፣ ከዚያ አምስት እየተደረገ ምንጣፍ ላይ ይገለበጥና በአካፋ ይደባለቃል፤ ከናሙናው ጋር እስኪመሳሰል። እስኪመሳሰል ነው የምልህ፤ ቁርጥ ናሙናውን ሆኖ አያውቅም።

የባሩድ ፋብሪካም እንደዚሁ ነው። መነሻው ጥጥ ወይም እንጨት ነው፤ እሱም ከዓመት ዓመት ይለያያል። ናይትሮሴሉሎሱ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን ከ12 ነጥብ 6 እስከ 13 ነጥብ 4 በመቶ ባለው መካከል ይዋልላል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል። ፍሬው በቀዳዳ ተጨምቆ ሲቆረጥ ግድግዳው የፀጉር ያህል ከሳሳ ቶሎ ነድዶ ያልቃል። ውስጡ የቀረው ኤተርና አልኮል ከዙር ዙር እኩል አይደለም። ከላይ የሚቀባው፣ መጀመሪያ ላይ እሳቱን የሚያቀዘቅዘው ልባስም አንዴ ወፈር አንዴ ሳሳ ይላል። ስለዚህ ፋብሪካው ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ወስዶ በዝግ የብረት ዕቃ ውስጥ ያነድደዋል፤ ግፊቱ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ይለካል። ፈጣኑን ከዘገምተኛው እየቀላቀለም ወደ መለኪያው ያቀርበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ልዩነት አለ። እንደ ወንድምህ ላለ ለችርቻሮ ገዢ የሚሸጠው ባሩድ በጠባብ ልክ የተቀላቀለ ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው የሚሞላው ከመመሪያ መጽሐፍ ላይ አይቶ ነው። ለጥይት ፋብሪካ በጅምላ የሚላከው ግን እንዲህ አይለፋበትም። ጥይት ፋብሪካው ራሱ የግፊትና የፍጥነት መለኪያ ስላለው ለመጣለት ሎት ሁሉ የሚሞላውን መጠን አዲስ ይወስናል። ከዚህ የተነሳ አንድ ስም የያዙ፣ አንድ እርሳስ የተሸከሙ ሁለት የፋብሪካ ጥይቶች ቢፈቱ የባሩዳቸው ክብደት ላይገናኝ ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱን ፈትቶ የመዘነ ሰው «ልኩ ይህ ነው» ብሎ ከሌላ ጣሳ ቢሞላ ግን ራሱን ገደል አፋፍ ላይ አቆመ ማለት ነው።

የባሩድ ለውጥ ሠራዊትን ሙሉ ሲያውክ ታይቷል። አሜሪካኖች በቬትናም ጦርነት ጊዜ ለኤም 16 ጠመንጃ የታሰበውን በዘንግ መልክ የተቆረጠ ባሩድ ትተው በክብ ፍሬ ባሩድ ተኩ። የእርሳሱ ፍጥነት ያው ነበር። ነገር ግን የጠመንጃው የተኩስ ፍጥነት ጨመረ። ባሩዱ ውስጥ አሲድ እንዲያመክን የተጨመረው ካልሲየም ካርቦኔትም የጋዝ መንገዱን ደፈነ። ወታደሮች በውጊያ መሐል ጠመንጃቸው ነከሰባቸው። ለባሩዱ ብቻ የሚተው ጥፋት አይደለም፤ የጽዳት ዕቃም በወጉ አልተሰጣቸውም ነበር። የባሩዱ ድርሻ ግን ትልቅ ነበር።

ወደ ወንድምህ ልመለስ። የችርቻሮው ባሩድ ልክ ጠባብ ከሆነ ግፊቱ እንዲህ እንዴት ሊገን ቻለ? ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። አንደኛው፣ የቀድሞው አሞላሉ ከመጀመሪያም ጣሪያውን የነካ ነበር። ጣሪያ ላይ ላለ ሰው ትንሿ ልዩነት ትበቃዋለች። ሁለተኛውን እሱን ጠይቀህ ጻፍልኝ፦ አሮጌውን ጣሳ የት ነበር የሚያኖረው? ክዳኑስ ጥብቅ ነበር? ባሩድ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። ምድር ቤት ውስጥ ክዳኑ ላልቶ የቆየ ባሩድ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ አነዳደዱም ይዘገያል። ወንድምህ ልኩን ያወጣው በዚህ በረጠበው ባሩድ ከሆነ፣ ደረቁን አዲስ ባሩድ በዚያው ክብደት ሲሞላ ቀድሞ ውሃ ይዞት የነበረውን ድርሻ ሳይቀር በባሩድ ተካው፤ ፍጥነቱንም ጨመረ።

ተቃራኒውም አለ። እንደ ሚኒሶታ ባለ አገር በክረምት በማሞቂያ የተነሳ የቤት አየር እጅግ ይደርቃል። ክዳኑ ያልጠበቀ ወይም በመስፈሪያው ማጠራቀሚያ ውስጥ የከረመ ባሩድ እየደረቀ፣ ውስጡ የቀረችውን አልኮልም እየለቀቀ፣ ከዓመት በኋላ ከገዙት ቀን ይልቅ ፈጣን ሆኖ ይገኛል። ጣሳው ያው፣ ሎቱም ያው ነው። ሙቀት ደግሞ ከላይ የተቀባውን ልባስ ወደ ፍሬው ውስጥ እያሰረገ ያሳሳዋል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበልባል ልጓም ያጣል። «ባሩድ ሲያረጅ ይደክማል» የሚለው አባባል አደገኛ የሚሆነው በዚህ ነው። የሚደክምም አለ፣ የሚቆጣም አለ፤ በዓይን አይለይም።

እኔ ይህን በመጽሐፍ አልተማርኩትም። በ1970 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳለሁ፣ ከተራራው ሥር በአንድ የጥይት ማከማቻ ነበርኩ። የ122 ሚሊሜትር መድፍ ጥይት በብዛት እየመጣ ይከመራል። ሣጥኖቹ ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈ አለ፤ የባሩዱ ዓይነት፣ ሎቱ፣ ዓመቱ፣ ፋብሪካው። 9/7 የሚል ካየህ የፍሬው ግድግዳ 0.9 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው ሰባት ማለት ነው። ታላላቆቼ «ሎት ከሎት እንዳይቀላቀል» ብለውኝ ነበር። አንድ ምሽት መኪኖቹ ተደራርበው መጡ፤ ተሸካሚዎቹ ደክመዋል፤ እኔም ፊት ለፊት ያለውን ቦታ እየሞላሁ አስከመርኩ። በማግስቱ የተኩስ ተመልካቹ «አንዱ አልፎ፣ አንዱ ሳይደርስ እየወደቀ ነው» አለ። መኮንኑ መድፉን አየ፣ ሠንጠረዡን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። አልተቆጣም። «የሰጠኸኝን ሎት ንገረኝ» አለ። የምነግረው አልነበረኝም። ያን ሌሊት በፋኖስ ሣጥን በሣጥን እያገላበጥኩ ቁጥር ለቀምኩ፤ የአራት ዙር ምርት ተቀላቅሎ ነበር። ተመልካቹ ወደፊት ከነበሩት ልጆቻችን ብዙም አልራቀም ነበር። አጥሮ የሚወድቅ ጥይት ማንን እንደሚመታ ከዚያ ቀን ወዲህ ረስቼ አላውቅም።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። የመድፉ የተኩስ ሠንጠረዥ የባሩዱ ሙቀት 15 ዲግሪ ነው ብሎ ይነሳል። ድሬዳዋ በጥላ ሥር 35 ስትሆን፣ ፀሐይ የመታው ሣጥን ውስጥ ያለው ከዚያም ያልፋል። ትኩስ ባሩድ ግፊቱ ከፍ ይላል፤ ጥይቱ ይርቃል፤ በረጅም ርቀት መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ያሳልፋል። ለዚህ ቴርሞሜትር በሣጥን ውስጥ አኑረን በየጊዜው እናነብ ነበር። ከድሬዳዋ ደንገጎን ወጥተህ ሐረር ስትገባ 55 ኪሎሜትር ያህል ሄደህ ከ1,200 ሜትር ግድም ወደ 1,900 ሜትር ግድም ትወጣለህ፤ ሐረማያ ላይ ጃኬት ትፈልጋለህ። ባሩዱም ይህን ያውቃል። ወንድምህ በሐምሌ ሞልቶ የሞከረው ጥይት በኅዳር በረዶ ያንኑ አይሆንም። በብርድ ሞክሮ ጣሪያ ያስነካውን ደግሞ በበጋ መኪና ውስጥ ትቶ ቢተኩሰው ያው መዝጊያ ይነክስበታል።

እንዲህ በለው። አዲስ ሎት ሲከፍት የድሮውን ልክ ይርሳ፤ መመሪያው ከሚለው ዝቅተኛ መነሻ ጀምሮ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የካፕሱሉንና የመዝጊያውን ነገር እያየ ይውጣ። የተከፈተበትን ቀንና ሎቱን ጣሳው ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። የአሮጌውን ቅሪት በአዲሱ ላይ አይገልብጥ። ሥራ ሲጨርስ ማጠራቀሚያውን ባዶ አድርጎ ባሩዱን ወደ ራሱ ጣሳ ይመልስ፤ ክዳኑን ያጥብቅ፤ ቀዝቃዛና ሙቀቱ የማይዋልል ቦታ ያኑረው። ቀለህ፣ ካፕሱል ወይም እርሳስ ሲለውጥም እንዲሁ ከታች ይጀምር፤ የአንዱ ፋብሪካ ቀለህ ግድግዳው ከሌላው ይወፍርና ለባሩዱ የሚቀረው ቦታ ይጠባል።

ለተማሪዎችህ ደግሞ ሁለት ብርጭቆ ስኳር አሳያቸው፤ አንዱ ደቃቅ፣ አንዱ ድፍን ፍሬ። ክብደታቸው እኩል ይሁንና ውሃ ይጨመርባቸው። ቶሎ የሚሟሟው የቱ ነው? ባሩድም የሚነድደው ከገጹ ነው፤ የገጹ ስፋት ነው ግፊቱን የሚወስነው። ይህን ከተረዱ የቀረውን አንተ ትጨርስላቸዋለህ።

ጥያቄ 3፦ ከሐረር፣ ፈረስ መጋላ

«አባባ፣ ሁለት አጭር ጥያቄ አለኝ። አያቴ የቆየ ጥይት ለቅሶ ወይም ሰርግ ሲደርስ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር፣ ኃይሉ ይመለሳል ይላል። እውነት ነው? ሁለተኛ፣ የውጅግራ ጥይት ስለጠፋ በባዶው ቀለህ የምንሽር ባሩድ መሙላት ይቻላል የሚሉ አሉ። ይቻላል?»

መልስ፦ የአያትህ ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በጥቁር ባሩድ ዘመን ቀለሁ በደንብ አይገጥምም፤ እርጥበት ይገባል፤ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሰው የተወሰነ ነገር ይተርፈው ይሆናል። በጢስ አልባው ላይ ግን ፀሐይ የሚጨምርለት ኃይል የለም። ዕድሜውን ያሳጥራል፣ በዚያች ቀን ደግሞ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። አርጅቶ አንገቱ የተሰነጠቀ ቀለህ ላይ ይህ ሲጨመር የሚሆነውን አስበው። በድሮ ካፕሱል ውስጥ የነበረው ሜርኩሪ ናሱን እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ብዙዎቹ የአያቶች ቀለሆች እንዲህ ናቸው።

ለሁለተኛው መልሴ አይቻልም ነው። በአዋጁ 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ክልክል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሕጉ ባይኖርም ግን ጠመንጃው ራሱ አይፈቅድልህም። የውጅግራ ቀለህ በጥቁር ባሩድ ጢም ብሎ እንዲሞላ የተሠራ ነው፤ ጥቁር ባሩድ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ የውጅግራው ብረትም ለዚያ ግፊት የተበጀ ነው። ያንን ቦታ በምንሽር ባሩድ፣ ማለትም በጢስ አልባው፣ የሞላ ሰው መዝጊያው ወደ ፊቱ ይመጣበታል። ግማሹን ሞልቼ እበልጠዋለሁ የሚለውም እንዲሁ፤ ሎቱን አያውቅ፣ ዕድሜውን አያውቅ፣ የተኛበትን ሙቀት አያውቅ። ከላይ ለመምህሩ የጻፍኩትን አንብበው፤ መለኪያ ያለው ፋብሪካ እንኳ በየሎቱ አዲስ ይለካል።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምርልህ፣ የቆየ ጥይት የሚተኩስ ዘመድ ካለህ አድርስለት። ቃታ ተስቦ ጥይቱ ከከሸፈ መዝጊያውን ቶሎ አይክፈት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞረ ሠላሳ ቆጥሮ፣ ቢቻል ደቂቃ ሙሉ ይጠብቅ፤ ያረጀ ባሩድ ዘግይቶ ይነሳል። ሌላው ከዚህ ይከፋል፦ ተኩሱ «ጧ» ሳይሆን «ፑፍ» ካለ ያቁም። ደካማው ባሩድ እርሳሱን ከቀለሁ አስወጥቶ አፈሙዙ መሐል ትቶት ሊሆን ይችላል። ጠመንጃውን አራግፎ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ፣ ከመዝጊያው በኩል በብርሃን ይይ። ብርሃን ካልታየ ሁለተኛ ጥይት አይግባ። በ1974 ዓ.ም. በአንድ የልምምድ ሜዳ ይህን ሳያይ የደገመ ልጅ አፈሙዙ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተከፍቶ ከግራ እጁ ሁለት ጣት አጥቷል። ጥይቱ የከረመው የመኪና ሸራ ሥር ነበር፤ ሎቱን የጻፈ ሰው ስላልነበረ ከዚያው ሣጥን የቀሩት ለማን እንደተሰጡ ሳይታወቅ ቀረ።